ማርከሻው ያለቀ ሰሞን

ሰኞ፣ 4

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ወጥ ቤት ቆሜ ብቻዬን ሳወራ ሦስት ጊዜ ያዘችኝና ለግድግዳ ከምትነግሪ ለወረቀት ንገሪ፣ ወረቀት ቢያንስ ያስቀምጥልሻል አለችኝ። እሺ አልኳት። እርጉዝ ናት፣ አምስተኛ ወሯ ነው፤ ባሏ ከባድ መኪና ይዞ ሩቅ ስለሚሄድ እኔ ጋ ናት የምትኖረው፤ እምቢ ያሏት ቀን ደግሞ ታለቅሳለች።

እንግዲህ ስማኝ፣ ወረቀት። የአይብ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ወር መጨረሻ ከመሙያ ማሽኑ ላይ በጥጥ ጠርገን ካነሣናቸው ስምንት ናሙናዎች ሁለቱ ጠቆሩ። ብልቃጡ ጠቆረ ማለት ሊስቴሪያ የምትባል ተሕዋስ አለች ማለት ነው። ብርድ አይገድላትም። ጤነኛ ሰው ሳያውቃት ያልፋታል፤ ሽማግሌና እርጉዝ ካገኘች ግን አትምርም። አይቡን ራሱን መርምረናል፣ ምንም የለበትም። ማሽኑ ነው ያለበት።

ሥራ አስኪያጇ ጠርታኝ እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ካልተገኘ የምርት መስመሩን እዘጋለሁ አለች። በዚያ መስመር ስልሳ ሰው ሠርቶ ያድራል። እኔም አፌን ሞልቼ፣ ማሽኑ ላይ የሚረጨውን ተሕዋስ ገዳይ፣ ማምከኛውን፣ አሻሽለዋለሁ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ረቡዕ፣ 6

ባክቴሪያ ብቻውን ሲሆን ምስኪን ነው፣ ጥቂት ክሎሪን ይበቃዋል። ክፋቱ ብቻውን አለመኖሩ ነው። የወተት ቅሪት ያገኘበት ብረት ወይም ጎማ ላይ ይለጠፍና ከራሱ ዝልግልግ ነገር አውጥቶ ይደርባል። መጽሐፉ ባዮፊልም ይለዋል፣ የፅዳት ሠራተኞቹ ልጋግ ይሉታል። የሠራተኞቹ ይሻለኛል። ማምከኛ ሲረጭበት የላዩ ይሞታል፣ የታቹ እንደ ተከናነበ ያድራል።

ሁለት ጣት የሚያክሉ የብረት ቁራጮች ላይ ልጋግ አብቅዬ አሥር ዓይነት ድብልቅ ሞከርኩ። ሰባተኛው! ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት አሲድ ነው፤ ልጋጉን ሰርስሮ እንዲገባ ጥቂት ሳሙና ጨምሬበታለሁ። አሥር ደቂቃ አቆይቼ ቁራጮቹን ብመረምር አንዲት ነፍስ አልተረፈችም። በማርከሻ ነው የመረመርኩት፣ ማንም እንዳይጠረጥረው። ማርከሻ የምንለው ጥጡ ላይ የቀረውን ማምከኛ የሚያከሽፍ ፈሳሽ ነው፤ እሱ ከሌለ ማምከኛው ብልቃጡ ውስጥ ገብቶም መግደሉን ይቀጥላል፣ እኛም ማሽኑ ላይ የነበረውን ሳናውቅ እንቀራለን። ይህን ለተማሪ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

ደስ ብሎኛል። ደስ እንዳለኝ ይጻፍ።

ዓርብ፣ 8

ዓርብ ለሠራተኛ አይብ የሚታደልበት ቀን ነው። የእኔን ድርሻ እህቴ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ እኔን ሳይሆን ከረጢቱን ነው ሰላም ያለችው። ቆማ በማንኪያ በላች። ልጁ አይብ መሳይ ሆኖ ይወጣል ብዬ ቀለድኩባት።

ማክሰኞ፣ 12

ሰባተኛው ዛሬ ፋብሪካ ገባ።

የፅዳቱ ኃላፊ እትዬ ብሩሽ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ለማወቅ የሠራተኛ መዝገብ ማየት ያስፈልጋል። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየምሽቱ፣ ማሽኑን አስፈትተው እያንዳንዱን ጎሚኒ፣ ማለት የጎማ ቀለበቱን፣ በብሩሽ ሲያሹ የኖሩ ሴት ናቸው። ማምከኛው ተረጭቶ አሥር ደቂቃው ሲሞላ ጓንታቸውን አወለቁና ባዶ ጣታቸውን በመሙያው አፍ ካለችው ጎሚኒ ሥር አስገቡ።

"ያዳልጣል" አሉ።

ሳሙና ስላለበት ነው አልኳቸው። የሳሙና ማዳለጥና የልጋግ ማዳለጥ አንድ አይደለም ልጄ አሉኝ። ጣት መሣሪያ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ተውኩት ብዬ ልጽፍ ነበር። አልተውኩትም፣ ብያቸዋለሁ። የፅዳት ልጆቹም ሰምተዋል።

ናሙና ልናነሣ ስንል ማርከሻው አልቋል። አዲሱ ከታዘዘ ሦስት ሳምንቱ፣ አልደረሰም። ጋሼ የምለው ረዳቴ፣ ማርከሻው እስኪመጣ ይጠብቅ አለ። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ቀድሞ መድኃኒት ቤት የሠራ፣ ጠብታ የሚቆጥር ሰው ነው። ሥራ አስኪያጇ ግን ዓርብ ውጤት ትፈልጋለች። ለጊዜው ጥጡን በጨው ውኃ አርሰን እንሥራ አልኩ። ማሽኑ ሲንጠፈጠፍ ማምከኛውም አብሮ ይወርዳል፣ ጥጡ ላይ ምን ያህል ቢቀር ነው?

ጋሼ መነጽሩን ጠረገ። ነገር ሳይጥመው ሲቀር መነጽሩን ይጠርጋል።

ሐሙስ፣ 14

ስምንቱም ብልቃጥ ንጹሕ። ስምንቱም! እህቴን አቅፌ አዞርኳት፤ ቀስ በይ አለችኝ፣ ሁለት ነን።

ዓርብ፣ 15

ስብሰባ ነበር። ብልቃጦቹን ይዤ ገባሁ፣ እንደ ዋንጫ። ሥራ አስኪያጇ ተነሥታ ጨበጠችኝ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

የምርት ኃላፊው ቶሎቶሎ ይባላል። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ የሚለውን ከአፉ በፊት በሥራው ስለሚያስታውስ ነው። ኬሚካሉ እንዲህ ብርቱ ከሆነ በየምሽቱ ማሽን ፈትቶ ሁለት ሰዓት በብሩሽ ማሸት ለምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም እኔን አየ። ያልኩትን በትክክል ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልከራከርበት፤ አያስፈልግም አላልኩም። "ሊቀር ይችላል" ነው ያልኩት። ሊቀር ይችላልና ይቅር አንድ አይደሉም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ትል ነበር እናቴ። ለምን ትዝ እንዳለችኝ እንጃ።

አይቡን ለእህቴ አምጥቻለሁ።

ሰኞ፣ 18

ከእንግዲህ ማሽኑ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይፈታል። በሌላው ምሽት ማምከኛ ይረጫል፣ በቃ። አራት የፅዳት ሠራተኞች ተሰናበቱ። አንዷ እትዬ ብሩሽ ናቸው። እኔ አልወሰንኩም፤ ውሳኔው ሲሰጥ ክፍሉ ውስጥም አልነበርኩም።

የስንብት አንድ ካርቶን አይብ ፋብሪካው ይሰጣል። ላቦራቶሪው በር ላይ ስለነበርኩ እኔ አቀበልኳቸው። ካርቶኑን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ብሩሻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የፋብሪካው ሳይሆን በእጃቸው ልክ ያስጠረቡት መሆኑን ነገሩኝ። እጀታው በአውራ ጣታቸው ልክ ጎድጉዷል። ለምን እንደተዉልኝ አልጠየቅኩም፤ አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ 20

ስምንት ንጹሕ። ጋሼ፣ ማርከሻው መጣ ወይ አለኝ። አልመጣም።

ዓርብ፣ 22

ስምንት ንጹሕ። ማርከሻውስ አለኝ። ሲመጣ ታየዋለህ፣ በበር ነው የሚገባው አልኩት። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም።

አይብ። እህቴ ሁለት ኩባያ ጨረሰች።

ሰኞ፣ 25

ማርከሻው መጣ። ስድስት ጠርሙስ። ጋሼ እንደ ሙሽራ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ ደረደረው።

አልከፈትነውም። በጨው ውኃ የተዘጋጁ ጥጦች ስላሉ እነሱ ይለቁ ብያለሁ፤ ማባከን አልወድም። ደግሞ ሁሉም ንጹሕ እየወጣ ምን ያስቸኩላል?

ማክሰኞ፣ 26

ጠርሙሶቹ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ናቸው። ጋሼ ሌላ ቦታ አጥቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ቀኑን ሙሉ ቀና ባልኩ ቁጥር ስድስቱም ያዩኛል።

ረቡዕ፣ 27

ዛሬ ጋሼ ምሳ ሲወጣ ብቻዬን ገባሁ። ከአንዲቷ ጎሚኒ ሥር ሁለት ናሙና አነሣሁ፤ አንዱን በጨው ውኃ፣ አንዱን በማርከሻ። ለራሴ ብቻ ነው። መዝገብ ላይ አላሰፈርኩም፣ ሙከራ ስለሆነ።

ዓርብ፣ 29

የጨው ውኃው ንጹሕ። የማርከሻው ጥቁር።

ብልቃጡ ቀድሞ ያልጸዳ ሊሆን ይችላል። ብልቃጦቹን የምናቆይበት ማሞቂያ ሳጥንም አንዳንዴ ያስቸግራል። አንድ ናሙና ምንም አይናገርም። ይደገማል።

የዛሬውን አይብ ወደ ቤት አልወሰድኩም። እህቴ እግሯ አበጥ አበጥ ብሏልና ጨው ይበዛበታል አልኳት። አኮረፈች። በር ላይ ለዘበኛው ሰጠሁት፤ ጥሩ ሰው ነው፣ እናቱ ጥርስ ስለሌላቸው ለስላሳ ነገር ይወዳሉ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።

ሰኞ፣ 2

አዲስ ወር። የሥራ አስኪያጇ ቀነ ገደብ በደስታ አለፈ፤ መስመሩ አይዘጋም። ቶሎቶሎ በቀን አንድ ሺህ ኩባያ ጨምሯል። መተላለፊያው ላይ ለእንግዳ ሲናገር ሰማሁት፤ አንድ ኬሚካል የአራት ሰው ሥራ ሠራ ይላል።

እንደገና ከስድስት ቦታ አነሣሁ፣ ሁለት ሁለት። ጋሼ ምሳ ሳይወጣ በፊት ሆነብኝ፤ አየኝ።  ብልቃጦቹን ያዘልኝ።

ረቡዕ፣ 4

የጨው ውኃዎቹ ስድስቱም ንጹሕ። ከማርከሻዎቹ ስድስት አራቱ ጥቁር።

ጋሼ በእርሳስ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። በብዕር የምትጽፊው አንቺ ነሽ ማለቱ ነው። የሳምንቱን ሪፖርት ላክሁ። የላክሁት የጨው ውኃውን ነው። ሐሰት አይደለም፤ እነዚያም ውጤት ናቸው፣ ከዚያው ማሽን፣ በዚያው ሰዓት የተነሡ። የማርከሻውን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። አይቡ ራሱ ሲመረመር ንጹሕ ነው። ከብዙ ሺህ ኩባያ አምስቱን ነው የምንመረምረው፣ ግን ንጹሕ ነው።

ሰባተኛውን ትንሽ ላጠንክረው? ከአሥር ደቂቃ ወደ ሃያ? የጠራ ብረት ላይ የሁለት ቀን ልጋግ ገደለ። ጎሚኒው ግን ተልጧል፣ ስንጥቅ አለው፣ ስንጥቁ ውስጥ ያለው የሁለት ቀን አይደለም። ይህን ያኔ በ6፣ ቁራጮቹን ስሞክር ማሰብ ነበረብኝ። ብሩሹ የሚሠራውን ማምከኛ እንዲሠራው ጠየቅኩት።

ዓርብ፣ 6

አይቡን ለዘበኛው ሰጠሁ። እህቴን አልቋል አልኳት።

እሑድ፣ 8

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት መጻፍ አለብኝ።

እህቴ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ዘበኛውን አገኘችው። እህትዎ እናቴን በአይብ አሰከሯት፣ እግዜር ይስጥልን ብሎ እያወራ እስከ በራችን ሸኛት። ገባችና ዳቦውን ሳታስቀምጥ፣ ከነጠላ ጫማዋ ቆማ አየችኝ።

"ለእኔ የሚበዛው ጨው" አለች፣ "ለዘበኛው እናት አይበዛባቸውም?"

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። የትኛው እንደነበር አሁን አላስታውሰውም። ጨው ለእርጉዝ ብቻ ነው፣ እናትየው እብጠት የላቸውም፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለችኝና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ማርከሻው፣ ጨው ውኃው፣ መሳቢያው፣ እትዬ ብሩሽ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስታለቅስ ያየኋት እምቢ ሲሏት ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬ አላለቀሰችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የበላችባቸውን ቀኖች ጠየቀችኝ። ደብተሩን ገልጬ አነበብኩላት፤ ስምንት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት። ምልክቱ በስንት ቀን ይታያል አለች። እስከ ሰባ ቀን ሊዘገይ ይችላል አልኳት።

"እኔን ከለከልሽኝ" አለች። "ሌላው ሰው እህት የለውም?"

 ነገ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀች። አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አልኳት። እንግዲያው አሥራ አንድ ላይ እዚያ ሁኚ ብላ ዳቦውን ቆረሰች። አብረን በላን፤ ደረቅ ነበር።

ሰኞ፣ 9

መስመሩ ቆመ።

ማክሰኞ፣ 10

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ጋሼ ከእኔ ቀድሞ ቆሟል። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም፤ የእርሳሱን ወረቀት ከመሳቢያዬ አውጥቶ ይዞታል። ሥራ አስኪያጇን አስጠርተን ፊቷ ሁሉንም ብልቃጥ ደረደርኩ፤ ጥቁሩን ከፊት። ቶሎቶሎ ባለፈው ስብሰባ ሊቀር ይችላል ያለችው ራሷ ናት አለ። ልክ ነው፣ ራሴ ነኝ አልኩ። ሊቀር ይችላልና ይቅር የሚለውን ክርክሬን ለሦስት ሳምንት ይዤው ኖሬ፣ ባስፈለገኝ ቀን ከአፌ አልወጣም።

ሥራ አስኪያጇ ካለፈው ወር 12 ወዲህ የወጣ አይብ ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዘች፣ ለጤና ቁጥጥር ራሷ ደወለች። ከዚያ ለእኔ፣ ወንበርሽ ላይ ቆዪ፣ ያበላሸሽውን ሳታስተካክዪ አትሄጂም፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን አለች። ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ቀሎኝ መሄድ ነበር የፈለግኩት ማለት ነው።

ዘበኛውን በር ላይ አገኘሁትና ያ አይብ ካለ መልስልኝ፣ ጉድለት ተገኝቶበታል አልኩት። የመጀመሪያው አልቋል፣ ከሁለተኛው ግማሽ ቀርቷል አለ። በምሳ ሰዓት ሮጦ አመጣው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ። ስለ አሳቢነቴ ደግሞ አመሰገነኝ። ጉድለት የሚለው ቃል ትንሽ ነው። እናትህን ሐኪም ይያቸው ማለት ነበረብኝ፤ ሰው ከኋላዬ ይጠራኝ ነበር። አይደለም፤ የሚጠራኝ አልነበረም።

ሐሙስ፣ 12

ካርቶኖች ተመለሱ። ግቢው ሞላ። ያልተመለሰው ከተመለሰው ይበልጣል። ሰው በልቶታል።

እህቴ ሐኪም ዘንድ ደርሳለች። ለጊዜው ደህና፤ በየሳምንቱ ለምርመራ ደም ትሰጣለች።

ቅዳሜ፣ 14

እትዬ ብሩሽ ቤት ሄድኩ። ከገበያው ጀርባ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ፣ ደጁ እንደ ሰሃን የታጠበ ቤት ነው። ብሩሹን ይዤላቸው ነበር። ሲያዩት አልተቀበሉኝም፤ መጀመሪያ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ አሉ። ጠጣሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ረጅም ነበርና መሐሉ ላይ ጠፋኝ፤ በምትኩ የስንብቱን አይብ በልተዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። 

"እኔ?" አሉ። "ብሩሽ ከቀረበት ቀን ወዲህ ከዚያ ማሽን የወጣ በአፌ አይዞርም። ካርቶኑን እንዳለ ቀበርኩት። ለውሻም አልሰጠሁ።"

ታዲያ ለምን አልነገሩንም አልኳቸው። ይህን በማለቴ አፍራለሁ አሁን ስጽፈው።

"ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ያዳልጣል አልኩሽ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ መልስ ይኖረኝ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፣ እኔ ከላይ ከላዩ ነበርኩ አልኳቸው። ተረቱን ተይውና ሌሎቹ ሦስቱስ ይመለሳሉ ወይ አሉኝ። ሥራ አስኪያጇ ፈቅዳለች። ማሽኑስ በየምሽቱ ይፈታል? ይፈታል። እንግዲያው ብሩሹን ስጪኝ አሉ። አውራ ጣታቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ረቡዕ፣ 18

ፈታነው። ቱታ ለብሼ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ጠቅልዬ እኔም ገባሁ። እትዬ ብሩሽ ጎሚኒዋን በጥፍራቸው ፈልቅቀው ገለበጧትና ጣቴን ያዙኝ፣ እንደ ሕፃን። ጓንቴን አስወልቀው ጣቴን ስንጥቁ ላይ አሳለፉት። መጀመሪያ ማምከኛው፣ የሳሙና ማዳለጥ፤ ቀጥን ያለ፣ ወዲያው የሚሸሽ። ከሥሩ ሌላ። ወፈር ያለ፣ የማይሸሽ፣ ጣት ይዞ የሚቀር። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በአንድ ጊዜ ይታወቃል። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

የተሰነጠቁትን ጎሚኒዎች ጣልን። አዲሶቹንና ብረቱን መጀመሪያ ልጋግ በሚያላላ ማጠቢያ፣ ቀጥሎ በብሩሽ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ፣ በመጨረሻ በሰባተኛው። ማምከኛዬ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ከብሩሽ በኋላ ሲመጣ ጥሩ ሠራተኛ ነው። በማርከሻ አሥራ ሁለት ናሙና አነሣን። ጋሼ ጠብታውን ጮክ ብሎ ቆጠረ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ዓርብ፣ 20

አሥራ አንድ ንጹሕ። አንድ ጥቁር፣ ከሥረኛው ቧንቧ መጋጠሚያ።

ቶሎቶሎ ገብቶ ብልቃጦቹን አየና አንዷን እንደገና ብትሞክሪያት አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልሳ ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦበታል። አንድ ጥቁር ብዬ በብዕር ጻፍኩ። መስመሩ እስከ ሌላው ረቡዕ አይነሣም። እትዬ ብሩሽ መጋጠሚያዋን ሊፈቱ ሄዱ።  ደህና እንቅልፍ ይወስደኛል መሰለኝ።

ሰኞ፣ 23

ጠዋት በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ነበር። የእኛው የት ሄደ አልኩት። እናቱ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆስፒታል ናቸው አለኝ፣ ትኩሳት ይዟቸው፣ አንገታቸው አልታጠፍ ብሎ።

ላቦራቶሪ አልገባሁም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። መጀመሪያ ሐኪማቸውን ፈልጌ የተሕዋሷን ስም፣ የአይቡን ነገር፣ ቀኖቹን ነገርኩት። ሰምቶኝ ሳይጨርስ የሚሰጡትን መድኃኒት በዚያው ሰዓት አስቀየረ። ቅዳሜ ብናውቅ ጥሩ ነበር አለ፣ እኔን ለመውቀስ ሳይሆን ለራሱ። ደማቸውን ወስደዋል፤ ሊስቴሪያ መሆኗ የሚታወቀው ሐሙስ ነው።

ከዚያ ክፍሉ ገባሁ። አሮጊቷ ተኝተዋል። ትንሽ ናቸው፤ ትራሱ ይበልጣቸዋል። ዘበኛው ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩም። ሕመማቸው ከአይቡ ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ነው። ከዚያ ሊያጽናናኝ ጀመረ። እኔን!

"እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እትዬ" አለኝ። "ለእናቴ አስበው ነው የሰጡኝ።"

እዚያ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ይህ ደብተርም አያውቅም፤ ጥሩ ሰው ነው፣ እናቱ ለስላሳ ነገር ይወዳሉ ብዬ ጽፌበታለሁ፣ በ29። ገልጬ አየሁት አሁን። ጽሑፌ ያምራል።

"አይደለም" አልኩት። "ከቤቴ እንዲወጣልኝ ነው የሰጠሁህ። እህቴ እንዳትበላው።"

ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ በቀስታ፣ እናቱን እንዳይቀሰቅስ። አውቅ ነበር አልኩት። ወንበሩን መልሶ ወሰደና ወደ አልጋው አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ የእናቱን እጅ ያዘ። በር ላይ ጥቂት ቆምኩ፤ ዞሮ አላየኝም። ወጣሁ።

የደማቸው ብልቃጥ የሆስፒታሉ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ነው። ሐሙስ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።